ከኋላ የተቀመጠ ሰው ምስክርነት

በበቅሎ የተጓዘ ሰው ኹሉ እንደሚያውቀው፣ በኮርቻው ላይ የተቀመጠና ከኋላው የተፈናጠጠ ሰው በአንድ መንገድ ቢሄዱም የሚሰማቸው መንገድ አንድ አይደለም። በኮርቻው ላይ ያለው ልጓሙን ጨብጧል፣ እርካቡን ረግጧል፣ ጉድጓዱንም ከመድረሱ በፊት ያየዋል፤ የተፈናጠጠው ግን የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ብቻ ስለ ሆነ የመንገዱን ክፋት የሚማረው በዓይኑ ሳይሆን በወገቡ ነው። ስለዚህ የበቅሎዪቱ የኋላ እግር ማነከስ በጀመረ ጊዜ አስቀድሞ የሚያውቀው የተፈናጠጠው ነው፤ የሚደመጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለልጓሙ ነው።

ከዚህ በታች የሚነገረው የሆነው በበቅሎ ላይ አይደለም፤ በጀርመን አገር፣ በማይን ወንዝ ዳር ባለችው በፍራንክፈርት ከተማ፣ በአንድ ባረጀ ሞተር ብስክሌት ላይ ነው። የሚጻፉትም ዘመናት በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚያች ከተማ ከኢትዮጵያ ከወጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ባልና ሚስት ይኖራሉ። ባልየው በመጋዘን ይሠራል፤ ሚስቱ ሌሊት ሌሊት በሽተኞች ታስታምማለች። አንደኛው ከሥራ ሲገባ ሌላው ስለሚወጣ ሳምንቱን የሚተያዩት በደረጃው ላይ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን የለበትም። ልጆቻቸው አድገው ከቤት ከወጡ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ባልየው ከአንድ አረጋዊ ጀርመናዊ ጎረቤቱ ሞተር ብስክሌት ገዛ። ይኸውም ቢኤምደብልዩ የሚባለው ፋብሪካ በ1983 ዓ.ም. በበርሊን፣ በሽፓንዳው ሰፈር የሠራው አር 80 አርቲ የሚባለው ዓይነት ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮቹ እንደ ተዘረጉ ክንዶች አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ የወጡ፣ ነፋስ የሚያቀዘቅዛቸው፣ የ50 ፈረስ ጉልበት ያላቸው ናቸው። ከፊቱ ነፋስና ዝናም የሚከለክል ሰፊ ጋሻ አለው፤ በጎንና በጎኑም ሻንጣ ይንጠለጠልበታል። የኋላው ጎማ የሚዞረው በሰንሰለት ሳይሆን በቀኙ ክንድ ውስጥ በተሸሸገና በዘይት በሚዋኝ ዘንግ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ወደ ኋላ ይፈለጋልና።

ባልና ሚስቱ በየበጋው ሁለት ሁለት ሳምንት ፈቃድ እየወሰዱ በዚህ ሞተር ብስክሌት የአልፕን ተራሮች ተሻግረው ወደ ኢጣልያ ይወርዱ ነበር። ከ2700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የስቴልቪዮን በር በሰሜኑ በኩል ሲወጡ 48 ጠመዝማዛ አለ፤ ሚስቲቱ እያንዳንዱን በጣትዋ በባልዋ ጀርባ ላይ እየጻፈች ትቈጥርለት ነበር። የሞተሩ ድምፅና የነፋሱ ጩኸት ቃል አያሰማምና፣ ሁለቱ ያለ ስምምነት አንድ ቋንቋ አበጅተው ነበር፤ ትከሻውን አንድ ጊዜ ስትመታው ቀስ በል ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ስትመታው ቁም ማለት ነው። በዓመቱ ውስጥ አብረው የሚሆኑበት ዋናው ጊዜ ይህ ነበረ፤ ዝም ተባብለውም እንኳ ቢሆን።

በ2022 ዓ.ም. በሰኔ ወር ግን አንድ ነገር ሆነ። ከከተማይቱ በስተ ሰሜን ካለው ከታውኑስ ተራራ ሲወርዱ፣ አስፋልቱ እየተቈረጠ በተለጠፈበት ጠመዝማዛ ላይ የሞተር ብስክሌቱ ጀርባ እንደ ጀልባ ይናጥ ጀመር፤ ወደ ላይና ወደ ታች የነበረው መናጥ ወደ ጎንና ወደ ጎን ሆነ፤ የኋላውም ጎማ መካከለኛውን ነጭ መስመር ጥቂት ዐልፎ ወደ ማዶ ገባ። በዚያን ጊዜ ከታች የሚመጣ የጭነት መኪና ነበረ። መኪናው ጥሩንባውን እየነፋ በክንድ ርቀት ዐለፈ። ባልየው እጁ እየተንቀጠቀጠ እስከሚቀጥለው ነዳጅ ማደያ ድረስ ነድቶ ቆመ።

ሚስቱ ወርዳ የራስ ቁሯን አወለቀችና፣ «ከታች የሚመታኝ ነገር አለ፤ ዛሬ ብቻ አይደለም፤ ከባለፈው ዓመት ጀምሮ ነው» አለችው።

«የሚመታሽ ነገር የለም፤ አንቺ ነሽ እንደ ጆንያ የምትወዛወዢው። በመስተዋት እያየሁሽ ነበር» አላት።

እርስዋ መልስ አልሰጠችም። የራስ ቁሯን አጥልቃ ተቀመጠች፤ እስከ ቤታቸውም ድረስ ትከሻውን አንድ ጊዜ እንኳ አልመታችም። ከዚያ ቀን በኋላ በሞተር ብስክሌቱ ላይ አልወጣችም። አልተቈጣችም፤ አልከሰሰችም፤ ባቡር ይመቸኛል ብቻ አለች። በዚያ በጋና በተከታዩ በጋ ባልየው ከኋላው ሻንጣ አስሮ ለብቻው ሄደ፤ ሁለት ሳምንቱንም ሳይጨርስ ተመለሰ።

እዚህ ላይ በባልየው መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ክርክሩ የሰነፍ ክርክር አልነበረም። እርስዋ ባለችበት ጊዜ ሞተር ብስክሌቱ ይናጣል፤ በሌለችበት ጊዜ አይናጥም፤ እንግዲያውስ የመናጡ ምክንያት እርስዋ ናት ብሎ ቈጠረ። በመስተዋቱም ባየ ጊዜ የራስ ቁሯ ከፍ ዝቅ ሲል አይቷል፤ ዓይን ያየውን ማን ይክዳል? ስሕተቱ ግን ፊተኛውን ኋለኛ፣ ኋለኛውንም ፊተኛ ማድረጉ ነው። እርስዋ ከፍ ዝቅ ያለችው ወንበሩ ከፍ ዝቅ ስላደረጋት ነው እንጂ ወንበሩ የተናጠው እርስዋ ስለ ተናጠች አይደለም። የእርስዋ ክብደት በሽታውን ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም። በሸክም ጊዜ ብቻ የሚያነክስ በቅሎ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ የሸክሙ ነው የሚል ባለ በቅሎ በአገራችንም ሞልቷል።

ምልክትም አልጠፋም ነበር። የኋላው ጎማ ገና ግማሹ ሳይበላ ዙሪያውን እንደ ሳህን እየተጎደጎደ መጣ፤ ባልየው የጎማው ሥራ ክፉ ነው ብሎ አስለወጠው። አዲሱም እንደዚያው ሆነ። በጀርመን አገር ሞተር ብስክሌት ኹሉ በየሁለት ዓመቱ ይመረመራልና፣ በ2024 ዓ.ም. በጸደይ ወራት ወደ ምርመራ ከመሄዱ በፊት ሲያጥበው በግራ በኩል፣ ከኋላው ጎማ አጠገብ፣ አቧራ የያዘ ጥቁር ዘይት አገኘ። የመንገድ ቅባት መስሎት በጨርቅ ወልውሎ አጸዳው። መርማሪውም ንጹሕ ነገር አይቶ አሳለፈው። ባልየው ምስክሩን በገዛ እጁ ወልውሎ አጠፋ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር፣ በአንድ እሑድ ቀን፣ አጠገብ ካለችው ከኦፈንባክ ከተማ አንድ ሽማግሌ ለእንግድነት መጡ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ በአዲስ አበባ በፒያሳ አካባቢ ብዙ ዘመን በጋራዥ የሠሩ፣ አሁን ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ናቸው። ምሳ ተበልቶ ቡና ከተጠጣ በኋላ ወደ ግቢው ወርደው ሞተር ብስክሌቱን ዞረው አዩት። አንዳችም ቃል ሳይናገሩ ሁለት እጃቸውን በኋላው ወንበር ላይ አኑረው በክብደታቸው ኹሉ ተጫኑትና በድንገት ለቀቁት። ወንበሩ ተነሣ፤ ወረደ፤ ደግሞ ተነሣ፤ ደግሞ ወረደ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ቈጠሩ። «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ተነሥቶ መቆም ነበረበት። ግማሽ ሰዓት ያህል በክፉ መንገድ ነድተህ ተመለስና አሳየኝ።»

ባልየው ነድቶ በተመለሰ ጊዜ ሽማግሌው ተንበርክከው ከኋላው ጎማ ግራና ቀኝ የቆሙትን ሁለቱን አሞርዛተሮች አንዱን በአንድ እጅ፣ ሌላውን በሌላ እጅ ያዙ። «አንተም ያዝ» አሉት። ቀኙ ለብ ብሏል፤ ግራው ግን እንደ ጧት ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው።

«የሠራ ሰው ያልበዋል» አሉ ሽማግሌው፤ «ይኸኛው አልሠራም። በዚህ በኩል ዘይት አይተህ አታውቅም?»

«አይቻለሁ ጋሼ። ከጥርሱ ቤት የወጣ መስሎኝ ጠረግሁት።»

«የጥርሱ ቤት በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ።»

«ዘንጉስ?»

«በቀኝ።»

«እንግዲያው በግራ በኩል ዘይት ያለው ነገር ምንድር ነው?»

ባልየው ዝም አለ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ አሞርዛተር የሚባለውን ጥቂት መግለጥ ይገባል፤ የከተማ ሰው በየቀኑ ይቀመጥበታልና። ከውጭ የሚታየው የተጠማዘዘው ብረት ሞላ ይባላል። ሥራው መሸከም ነው፤ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ይጨፈለቃል፣ የተቀበለውንም ምት ያከማቻል። ነገር ግን ሞላ የተቀበለውን አያስቀርም፤ ኹሉን መልሶ ይሰጣል። አንድ ጊዜ የተመታ ሞላ ከልካይ ከሌለው ሲመለስና ሲሄድ ይቆያል። ስለዚህ በሞላው መካከል ዘይት የተሞላ ቧንቧ ይደረጋል፤ በቧንቧው ውስጥ በዘንግ ጫፍ የታሰረ ፒስቶን አለ፤ በፒስቶኑም ላይ እጅግ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉ። ሞላው ሲጨፈለቅና ሲዘረጋ ፒስቶኑ ዘይቱን በእነዚያ ቀዳዳዎች በግድ ያሳልፈዋል፤ ዘይቱም በመጨነቁ ይሞቃል፤ የድንጋዩ ምት ሙቀት ሆኖ ወደ ነፋስ ይበተናል። ግራው የቀዘቀዘው ስለዚህ ነው፤ የሚጨነቅ ዘይት አልነበረበትም። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ሞላው ሰም፣ ዘይቱ ወርቅ ነው ቢል አያስነቅፈውም፤ ዓይን የሚያርፈው በሞላው ላይ ነው፤ ሞላው ደኅና ከሆነ ኹሉ ደኅና ይመስላልና።

ይህም ቢሆን ሰው ብዙ ዘመን ያለዚህ ዕቃ ነድቷል። ዳይምለርና ማይባክ በ1885 ዓ.ም. የሠሩት የእንጨት ሞተር ብስክሌት ለጎማው ሞላ የሚባል አያውቅም ነበር። ይኸው ፋብሪካ በ1923 ዓ.ም. ያወጣው የመጀመሪያው አር 32 ከፊት ብቻ ባሌስትራ ነበረው፤ ከኋላ ግን ጎማው ከብረቱ ጋር በቀጥታ የታሰረ ስለ ነበረ ነጂውን ከመሰበር የሚያድነው በኮርቻው ሥር ያለው ሞላ ብቻ ነበር። በ1938 ዓ.ም. ለኋላው ጎማ ቀጥ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ ሞላ ተበጀለት፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የኋላውን ጎማ በሚወዛወዝ ክንድ ይዞ ሁለት አሞርዛተር በግራና በቀኝ የማቆም ሥርዓት ገባ። የባልና ሚስቱ ሞተር ብስክሌት ከዚህ ዓይነት መጨረሻዎቹ አንዱ ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ፋብሪካው ለዚሁ ዓይነት በቀኝ በኩል አንድ ብቻ ማቆም ጀምሯልና። አርባ ዓመት ያገለገለ ዕቃ ጎሚኒው ደርቆ ዘይቱ ቢፈስስ የሠሪው ነውር አይደለም። የሚያስነቅፈው አለመመልከት ነው።

ባልየው የግራውን ብቻ ልግዛ ባለ ጊዜ ሽማግሌው እጃቸውን አወራጩ። «ልጄ፣ በሬ አንዱ ሲሞት ከሽማግሌው ጋር ወይፈን ትጠምዳለህ? ቀንበሩ ይጣመማል። ጥንድ ግዛ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አንዱ ጠንካራ ሌላው ደካማ ከሆነ ክንዱ በየምቱ ይጠመዘዛል፤ ጎማውም በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ደግሞም ከዓይን እስከ ዓይን ያለውን የአሮጌውን ርዝመት በሚሊ ሜትር እንዲለካ አዘዙት፤ የረዘመ አሞርዛተር የኋላውን ከፍ አድርጎ መሪውን ያቀልለዋል፣ ያጠረም ጀርባውን ያስጎነብሰዋልና። በዚያ አገር ከፋብሪካው ሌላ የሆነ ዕቃ ሲገባ መርማሪው የሚቀበለው የፈቃድ ወረቀት አብሮ ሊኖር ይገባል፤ ይህንም ጠይቆ አገኘ።

ዕቃው የመጣው በነሐሴ ነው። በአንድ ዐርብ ማታ ሽማግሌው በባቡር መጡ። የጎን ሻንጣዎቹንና የተሸከሟቸውን ብረቶች አወረዱ፤ ሞተር ብስክሌቱን በመካከለኛው መቆሚያ ላይ አቆሙት፤ ከኋላው ጎማ ሥር ሳንቃ አነባብረው ክፍተቱን ሞሉት። የቀኙ የላይኛው ዳዶ በቀላሉ ተፈታ። የግራው የታችኛው ግን አልነቃነቅ አለ። ባልየው ረጅም ቧንቧ በቁልፉ ላይ አጥልቆ ሊታገለው ሲል ሽማግሌው ያዙት። ብሎኑ ከክንዱ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ነውና ጥርሱ ቢበጣጠስ ወይም ቢሰበር የሁለት ሰዓት ሥራ የሁለት ወር ሥራ ይሆናል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አፈሰሱበትና፣ «ይደር። ዝገት በቁጣ አይፈታም» ብለው እጃቸውን ታጠቡ።

ሚስቲቱ በዚያ ሌሊት ተረኛ ነበረች። ስትወጣ በግቢው በኩል ዐለፈች፤ በመሬት ላይ የተዘረጋውን ዕቃ አየች፤ ሽማግሌውን እንደምን አመሹ ብላ ሄደች።

በማግስቱ ጧት ዳዶው ተፈታ። ዓይኑ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ግን ከብሎኑ ጋር ተጣብቆ ነበርና፣ ሽማግሌው አሮጌውን ዳዶ የብሎኑን ጫፍ እንዲጠብቅ ጥቂት መልሰው አስገብተው በፕላስቲክ መዶሻ ከወዲያና ከወዲህ ቀስ እያሉ አወጡት። በሥራው ኹሉ የጠበቁት አንድ ሥርዓት ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አላወረዱም። ግራው ወርዶ አዲሱ እስኪገባ ድረስ ቀኙ በቦታው ቆየ። ሁለቱ አብረው ቢወጡ ክንዱ ወደ ታች ይወድቃል፤ ዘንጉን የሸፈነው የላስቲክ ከረጢትም ከልኩ በላይ ይለጠጣል። አዲሱ ዓይን ከብሎኑ ጋር በጣት ስፋት ያህል አልገጥም ባለ ጊዜ ባልየው በእንጨት ጎማውን ጥቂት አነሣው፤ ያን ጊዜ እንደ ቀለበት ገባ። ብሎኖቹን አጽድተው ስስ ግራሶ ቀቡ፤ ሮንዴላዎቹን በየቦታቸው አደረጉ፤ ዳዶዎቹን ግን ለጊዜው አላጠበቁም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ዳዶው ከጠበቀ በዓይኑ ያለው ጎሚኒ በዚያ ሁኔታ ተይዞ ይቀርና፣ ሞተር ብስክሌቱ ሲወርድ ሳይሠራ ተጠምዞ ይኖራል። መጀመሪያ በእግሩ መቆም አለበት።

ከዚህ በኋላ ሽማግሌው አሮጌዎቹን ሁለት ወስደው፣ ሞላ በሚያጨብጥ መሣሪያ አስረው፣ እየተጠነቀቁ ሞላዎቹን አወጡ። በዚህ ሥራ ሲቸኩሉ ጣታቸውን ያጡ ሰዎች አሉ፤ የታመቀ ሞላ ወዳጅ አያውቅም። ሁለቱን ሞላዎች ጎን ለጎን አቁመው ቢያዩ ርዝመታቸው ትክክል ነው። የቀኙን ዘንግ ባልየው ሲገፋው ጥቂት ያህል በባዶ ይሄድና ከዚያ ይከብዳል። የግራውን ግን ገና በጣቱ ሲነካው እንደ ገለባ ወደ ውስጥ ሰጠመ።

ባልየው ዘንጉን አውጥቶ ደግሞ ገፋው፤ ደግሞም አወጣው። ሽማግሌው ያን ጊዜ ፊቱን አዩና ምንም ሳይናገሩ ወደ ሌላ ሥራ ዞሩ።

የቀረው ልክ ነው። የዚህ ሞተር ብስክሌት የኋላ ጎማ የሚወጣውና የሚወርደው 125 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሰውና ዕቃ ሲጫንበት ከዚህ ሲሶው ያህል ቢወርድ መልካም ነው ይባላል። እጅግ ከወረደ በየጉድጓዱ መጨረሻውን ይመታል፤ ምንም ካልወረደም ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ ለመውረድ ቦታ ያጣል። ይህን ለማስተካከል ሞላውን አስቀድሞ የሚያጨብጥ ባለ ሦስት ደረጃ ማስተካከያ አለው፤ አንደኛው ለአንድ ሰው፣ ሦስተኛው ለሁለት ሰውና ለሻንጣ ነው። ሽማግሌው በአሮጌዎቹ ላይ ያለውን ማስተካከያ አሳዩት። ሁለቱም በአንደኛው ደረጃ ላይ ዝገው ቀርተዋል።

«ሁለት ሆናችሁ ስትሄዱ አትቀይረውም ነበር?»

«አልቀየርሁትም ጋሼ።»

«እንግዲህ ለመለካት ሁለተኛውን ሰው አምጣ» አሉ። «ባዶውን ለካሁ፤ አንተን እለካለሁ፤ ከዚያ ሁለታችሁን።»

«ሻንጣ ብንጭንበትስ?»

«ሻንጣ አላልሁህም፤ ሰው አልሁህ። ሚስትህ የት ናት?»

ባልየው አራቱን ደርብ ወጣ። ሚስቱ ከሌሊት ሥራ ተመልሳ ጥቂት ተኝታ ተነሥታ ነበር። በወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ፣ «ጋሼ ልክ ሊወስዱ ነው፤ አንድ ጊዜ ብትቀመጪ» አላት። እርስዋም ነጠላዋን ደርባ ያለ አንዳች ጥያቄ ወረደች፤ ለባልዋ ሳይሆን ለሽማግሌው ብላ እንደ ሆነ ከአረማመድዋ ይታወቅ ነበር።

ባልየው ከፊት ተቀመጠ፤ ሽማግሌው ለክተው በወረቀት ላይ ጻፉ። እርስዋም የሽማግሌውን ትከሻ ተደግፋ ከኋላ ወጣች። በአንደኛው ደረጃ 61 ሚሊ ሜትር ወረደ። ሽማግሌው ሁለቱንም ማስተካከያዎች ወደ ሦስተኛው አዞሩና ደግመው ለኩ፤ 43 ሆነ።

«ምኑ ነበር የተበላሸው?» አለች ከላይ እንደ ተቀመጠች።

ሽማግሌው የግራውን አሮጌ ቧንቧ አንሥተው ሰጧት። «ግፊው ልጄ።»

በአንድ ጣት ገፋችው። ሰጠመ። ከዚያ የቀኙን ሰጧት፤ በመዳፍዋ ገፍታው ከበዳት። ሁለቱን በጉልበትዋ ላይ ይዛ ጥቂት ዝም አለች።

«ይኸ ባዶው በየት በኩል ነበር?»

«በግራ» አሉ ሽማግሌው። «ዘይቱ አልቆ ነበር። ምቱን የሚቀበለው ስላልነበረ መጨረሻው ድረስ ይወርድና ከሥር ይጋጫል። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ለጎማው ቅርብ ስለ ሆነ አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነው።»

«ከታች የሚመታኝ ነገር አለ ብዬ ነበር» አለች፤ ይህን ስትል ወደ ሽማግሌው እንጂ ወደ ባልዋ አላየችም።

ባልየው ከፊትዋ እንደ ተቀመጠ ነበር፤ ፊቱ ወደ መሪው ነው። መስተዋቱ ውስጥ እርስዋን ያያታል፤ እርስዋም እርሱን ታየዋለች። «ብለሽኛል» አለ። ጥቂት ቆየና፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። አልሰማሁሽም። ይቅር በይኝ» አለ።

«ሁለት ዓመት» አለች።

«ሁለት ዓመት።»

ሽማግሌው በዚህ መካከል ቁልፋቸውን ይዘው አራቱን ዳዶዎች በየተራ ያጠብቁ ነበር። ሞተር ብስክሌቱ በጎማው ላይ ቆሟል፤ ሁለቱም ሰዎች በላዩ ናቸው፤ ለዳዶ ከዚህ የሚሻል ጊዜ አይገኝም። ሥራቸውን ሲጨርሱ ቀና ብለው፣ «እስከ ወንዙ ድረስ ሄዳችሁ ተመለሱና ደግሜ አጠብቀዋለሁ» አሉ።

ሚስቲቱ ወረደች። አሮጌዎቹን ቧንቧዎች በሳንቃው ላይ አስቀመጠችና ወደ ቤት ገባች። ባልየው ነገሩ በዚህ ያበቃ መሰለው፤ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። እርስዋ ግን የራስ ቁሯን ይዛ ተመለሰች፤ ለራስዋም አላደረገችውም፤ ለሽማግሌው ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እርስዎ ከኋላው ይቀመጡ» አለች። «እርስዎን ጆንያ ካላለዎ እኔም እቀመጣለሁ።»

ሽማግሌው ሳቁ። እምቢ ለማለት ዕድሜያቸውን ምክንያት አድርገው ሞከሩ፤ እርስዋ ግን የራስ ቁሩን ይዛ ቆመች። በመጨረሻው አጠለቁት፤ ጠበባቸው። የባልየውን ወገብ ይዘው ሄዱ። የሄዱበት መንገድ የድሮ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። ሚስቲቱ በግቢው በር ቆማ ድምፁ እስኪጠፋ ሰማች፤ ከዚያም ድምፁ ሲመለስ ሰማች።

ሽማግሌው ወርደው የራስ ቁሩን አወለቁ፤ ነጭ ጠጕራቸው ቆሟል።

«ምን ይላሉ?» አለች።

«አንድ ጊዜ ይነሣል፤ ይቆማል» አሉ። ቀጥለውም ወደ ባልየው ሳይመለከቱ፣ «ድንጋዩ ላይ ግን ይፈጥናል» አሉ።

የራስ ቁሯን ተቀብላ ማሰሪያውን ከአገጭዋ ሥር አጠበቀች። ባልየው ሁለቱም ማስተካከያዎች በሦስተኛው ደረጃ መሆናቸውን ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳስሶ አረጋገጠ። ተቀመጠች። ገና ከግቢው በር ሳይወጡ ትከሻውን አንድ ጊዜ መታችው፤ እርሱም ቀነስ አደረገ።